ውሃ ላይ የተሻገረው ምርቃት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ጆሮ ለሰጠው የማያስቆጭ ታሪክ ነው።

ኖሊን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በሰለሞን ደሴቶች፣ ማሮቮ ከሚባለው ሰፊ ውሃ ዳር ነው። እነሱ ሰፈር ኔትወርክ የለም። ታዲያ መልእክት እንዴት ይደርሳል? ቆዩ፣ ላስረዳችሁ! ሁለት ታንኳዎች ውሃ ላይ ሲገናኙ ቀዛፊዎቹ ስልኮቻቸውን ያጠጋጋሉ። መዝሙሩም ፎቶውም በብሉቱዝ ያልፋል። መንገዱ የሚቀናው ተቀብሎ ያደርሳል። የማሮቮ ሰው በዚህ ይኮራል፤ አደራ በልቶ አያውቅማ!

አንድ ጠዋት ኖሊን ወደ ወደቡ ስትቀዝፍ እማማ ዚላን አገኘች።

«ኖሊንዬ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ! ነፋሱ ክንዴን ጨረሰው። ልጄ ፒታ ዛሬ ከወደቡ በመርከብ ለፍሬ ለቀማ ባሕር ማዶ ይሄዳል። አባቱ ከአልጋ መነሣት ቢያቅተው ምርቃቱን በዚች ስልክ ቀዳለት። አድርሺልኝ።»

የኖሊን ስልክ ግን «ቦታ የለም» አለ። ምን እንደሞላው ታውቃላችሁ? በበዓል ቀን ብቻዋን ስትዘምር የተቀረጸው ቪዲዮ! ሕዝቡ ሁሉ ያጨበጨበላት። እሱን ታጥፋ? አንጀቷ እንቢ አለ።

«ገባልኝ፣ እማማ!» አለች። ውሸት!

«ተባረኪ! ሽማግሌዬ አሁን እፎይ ይላል» ብለው አሮጊቷ ወደ ቤታቸው ዞሩ።

ወደቡ ሲቃረብ ፒታ ከመርከቡ ላይ ጮኸ፦ «አንቺ ዘማሪት! የአባዬን ድምፅ አላመጣሽም?»

የኖሊን ፊት ጋለ። ወዲያው ታንኳዋን አዞረች።

«ምነው፣ ጋኔን መሰልኩሽ እንዴ?» አለ ፒታ እየሳቀ።

እማማ ዚላ ጋ ስትደርስ እንባዋ ቀደማት። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልገባም ነበር። ይቅር ይበሉኝ!»

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ለቅሶው ይቆይና ስልኩን አምጪ!»

ኖሊን ቪዲዮዋን አጠፋች። ምርቃቱ ገባ። ከዚያማ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች!

መርከቡ ገመዱን ፈትቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል። «ፒታ! ስልክህን ወደ እኔ ዝቅ አድርግ!» ፒታ በሆዱ ተኝቶ እጁን ዘረጋ። ኖሊን ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ቀዘፈች።

«እንዳትርቂ!»

«አንተ ራስህ ዝም ብለህ ያዝ!»

ቀጥሎ ፒታ «ገባ!» ሲል ሰማች።

የሽማግሌው ድምፅ ከመርከቡ ላይ ተሰማ፦ «ልጄ፣ የረገጥከው ይለምልም፣ የያዝከው ይባረክ...» ተጓዦቹ ጎረምሶች ወደ ፒታ ተጠጉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ለእኔም ላክልኝ። እኔ የሚመርቀኝ አባት የለኝም» አለ። ሌላውም ስልኩን አጠጋ። ሌላውም።

ኖሊን መቅዘፊያዋን ይዛ ቀና አለች። ሕዝቡ ሲያጨበጭብላት እንኳ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ልጆች፣ የሰው አደራ ከራስ ጭብጨባ ይበልጣል። በሉ ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው «የማደርስልዎት ነገር አለ?» በሉትና ሞክሩት!