ለአሥራ ሁለት የሚቆረጠው ፎቶ

የምነግራችሁን ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ወድቃለች። የምሠራው ድረ ገጽ በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው።

የዚያን ቀን የያዝኩት የአንድ ክሊኒክ ፎቶ ነበር። አሥራ ሁለት ሠራተኞች ግራጫ ግድግዳ ተደግፈው በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ከግራ ሦስተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት፤ እዚያ ነርስ ነች።

ፎቶው በጣም ትልቅ ነው። አለቃዬ አይቶ ሳቀ።

«ግመል በመርፌ ቀዳዳ ልታሳልፍ ነው? ቆራርጠው እንጂ!»

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ። ገጹ ላይ ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንድ ፎቶ ይመስላሉ፤ ገጹም ቶሎ ይከፈታል።

ከግራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የቆሙት ዘበኛው ናቸው። ቆርጬ አስቀመጥኩ። ቁራጩን ስከፍተው...

ግድግዳ ብቻ።

መስመሩን ስቼ ይሆናል አልኩ። በእኛ ሥራ ባዶ ቁራጭ አይቀመጥም፤ ገጹን በከንቱ ያከብዳል።

አጠፋሁት።

ሁለተኛዋ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ነች... እሷም ግድግዳ።

እሱንም አጠፋሁ።

ነገሩ ስላላማረኝ ወደ ዋናው ፎቶ ተመለስኩ። ረድፉ የሚጀምረው ከእህቴ ነው። ከእሷ በስተግራ ማንም የለም... ግድግዳው ላይ ሁለት ጥላ ብቻ።

እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዘበኛው አሉ?»

«አሁን በር ላይ ነበሩ...» ስትራመድ ይሰማኛል። «ወንበራቸው ብቻ ነው ያለው። ምነው?»

«የካርድ ክፍሏስ?»

በር ስትከፍት ሰማሁ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«መነጽሯ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያለ እሱ እኮ በሩን እንኳ አታይም። አንተ... ማን ነገረህ?»

አለቃዬ ከኋላዬ መጣ።

«ገና ሁለት? አንተንስ ለሞት ነበር መላክ!»

በትከሻዬ ላይ ዘንበል ብሎ ማውሱን ያዘ። ሦስተኛውን ቁራጭ መረጠ።

«አትንካው!»

«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነ።

«ወንድምዬ፣ እዚህ የሆነ ነ...»

የእህቴ ድምፅ ተቋረጠ።

የኮምፒውተሩን ገመድ መንጭቄ ነቀልኩት። ማስቀመጡ ግማሽ ላይ ደርሶ ነበር።

ክሊኒኩ ድረስ ሮጥኩ። በሩ ላይ ዘበኛ የለም። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። መጨረሻው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ... እህቴ ቆማለች።

«እትዬ! ደህና ነሽ?»

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው? ደህና ነኝ... ትንሽ በረደኝ እንጂ።»

ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ አየሁት።

ከግንባሯ እስከ ወገቧ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አንድ ቀጭን መስመር።

ከኋላዋ ያለው የመስኮት ብርሃን በመስመሩ ሾልኮ... ደረቴ ላይ ወድቋል።