የሰባት ቤት ቆጠራ

ማርያማዊት ምንተስኖትን መጀመሪያ ያነጋገረችው ከደጃፏ ልትመልሰው ነበር። ምስኪን፣ እሱ ምን በወጣው! የበግ እርባታ ማኅበሩ የአውራ በግ ጠባቂ ነው፤ አውራውን ተራ ለደረሰው ቤት ያደርሳል፣ ጊዜው ሲያልቅ ሄዶ ያመጣል፣ በቃ ሥራው ይኸው ነው። ያን ዕለት ተረኛው አባቷ አቶ ዳኜ ስለነበሩ ቀዩን አውራ በገመድ እየሳበ መጥቶ ከበራቸው ቆመ።

እሷ ደግሞ የማኅበሩ መዝጋቢ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር፣ እንደ ጓደኞቿ መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ሥራ ፍለጋ አልተንከራተተችም። ማኅበሩ ስልክ ሰጣት፤ ስልኩ ላይ የእርባታ አፕ ተጫነ፤ እሷም የመንደሩን በግ ሁሉ ከነእናት አባቱ እዚያ ውስጥ ከተተችው። የትኛዋ በግ መቼ አውራ እንደምትፈልግ፣ የትኛዋ እንደያዘች፣ የትኛዋ ውርጩ ሳይገባ እንደምትወልድ አፑ እየቀደመ ይነግራታል። አንድ የማይወደው ነገር አለ። የአውራውንና የሴቷን የጆሮ ቁጥር ሲያስገቡለት የአንድ አባት ልጆች ከሆኑ ቀይ ይለብስና «ዝምድና አላቸው» ይላል።

ያን ዕለትም አለ።

«አይሆንም» አለች ማርያማዊት ስልኩን እያሳየችው። «ይኼ አውራ ለኛ በጎች ወንድማቸው ነው። ሌላ አምጣ።»

አቶ ዳኜ ከጓሮ ሰምተው ብቅ አሉ። ያን አውራ ሲመኙት የከረሙ ሰው ናቸው። «ምን ማለትሽ ነው? በግ ናት እንጂ ክርስትና አልተነሳች! ከመቼ ወዲህ ነው ለበግ ዘር የሚቆጠረው?»

«ግልገሉ ይቀጭጫል፣ አባዬ። ካቻምና ያለቁብዎት ግልገሎች በምን ሆነና?»

አቶ ዳኜ እያጉረመረሙ ወደ ጓሮ ተመለሱ። ምንተስኖት ሳቁን ሊውጥ ቢሞክር አቃተው። ማርያማዊት ቀና ብላ አየችው፤ የሚስቀው በአባቷ እንጂ በእሷ እንዳልሆነ ገባት። በማግስቱ ጥቁር አውራ ይዞ መጣ፤ አፑም ዝም አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሰበብ አያጣም። የጎረቤቷ በግ ቀኗ ደርሶ እንደሆን ሊጠይቅ ይመጣል። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውልና ትናንት የጠየቀውን ዛሬ ደግሞ ይጠይቃል። እሷም እንዳልገባት ሆና ታስረዳዋለች። ስለ በግ ያላወሩት ነገር አልቀረም፤ ስለ ራሳቸው ያወሩት ግን እፍኝ አይሞላም። እሱ ሲሰማ ዓይኑ ስልኩ ላይ አይደለም። እሷም አይታው «ወደዚህ ተመልከት» ብላው አታውቅም።

በጋራ ተከልሎ የከረመው የጓሳው ሣር ለአጨዳ የተከፈተ ጊዜ ነው ነገሩ የወጣው። ሁለቱም ከየቤታቸው ለአጨዳ ወጥተው፣ ነዶ እያሰሩ ሳለ ጎን ለጎን ዋሉ።

«እኔንስ እዚያ ስልክሽ ላይ መዝግበሽኝ ይሆን?» አላት።

«አንተ የጆሮ ቁጥር የለህ።»

«ስጭኛ!»

ሳቀች። ነፋሱ ሣሩን ያተራምሰዋል፤ እሱ አንዱን ነዶ ሁለት ጊዜ አሰረው።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«እሱን አባቴን ጠይቃቸው» አለች። ፊቷን ግን አላዞረችበትም።

ሽማግሌ ሄደ። አቶ ዳኜ በወጉ አንዴ መለሱ፤ ሁለተኛ ሲመጡ «እንግዲያው ዘር ይቆጠር» አሉ። እዚያ አገር እስከ ሰባት ቤት የተገናኘ አይጋባም፤ ይኼን የሚያጣው ሰው የለም። ቆጠራው ለእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከአቶ ዳኜ ቤት ሆነ። መምሬ መርስዔ ኃዘን ከላይ ተቀመጡ። የምንተስኖት አባት አቶ ተክለጻድቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። መነኩሲቷ እመት ወለተ ኢየሱስ ደግሞ የአገሩን ትውልድ በሙሉ በቃላቸው የሚያውቁ ናቸውና በበቅሎ ተጭነው መጡ። ማርያማዊት ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች።

በአባቷ በኩል ተቆጠረ፤ ምንም የለም። በእናቷ በኩል ተቆጠረ፤ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወጣ ወጣና ፊታውራሪ ገብረ ክርስቶስ ላይ ቆመ። የምንተስኖትም በአባቱ በኩል ወጣ ወጣና እዚያው ፊታውራሪ ገብረ ክርስቶስ ላይ ቆመ። በእሷም ስድስት፣ በእሱም ስድስት። ሰባት አልሞላም። ማርያማዊት እንስራው አጠገብ ቁጭ አለች።

«እስቲ ቆዩ» አሉ እመት ወለተ ኢየሱስ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። «የተክለጻድቅ ቅድመ አያት ከፊታውራሪ አብራክ የወጣ አይደለም ሲባል ከእናቴ እሰማ ነበር። አባቱ ዘመቻ ላይ የቀረበት ሕፃን ነው፤ ፊታውራሪ እንደ አገሩ ወግ ጡት አጥብተው የራሳቸው ልጅ አደረጉት ይባል ነበር። የጡት ልጅ ነው።»

አቶ ተክለጻድቅ ከመቀመጫቸው ተፈናጥረው ተነሡ። ርስቱ በመሬት አዋጁ ከሄደ ቆይቷል፤ የፊታውራሪ ዘር መባሉ ግን አልሄደም። ሰንበቴ ላይ ሲቀመጡ፣ ሸንጎ ላይ ሲናገሩ፣ ሰው ሲያስታርቁ መጀመሪያ የሚጠሩት ፊታውራሪን ነው። «እኔን ነው? እኔን በስተርጅና ዘር የለህም ልትሉኝ ነው?» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ።

መምሬ መርስዔ ኃዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይባላል ተብሎ አይፈረድም። የቤቱ ባለቤት በአፉ ከመሰከረ ቆጠራው ይፈርሳል፤ ካልመሰከረ ግን ልጆቹ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም። የዛሬ ሳምንት እዚሁ እንገናኝ።»

ማታ አቶ ዳኜ ልጃቸውን አዩዋት። ሊያስከፏት ፈልገው አይደለም፤ ግን ቃሉ አመለጣቸው። «ለበግ ያልፈቀድሽውን ለራስሽ ትፈቅጂያለሽ እንዴ?»

«አልፈቅድም» አለች። «ዘመዴ ከሆነ እኔው ቀድሜ እተወዋለሁ። ግን እውነቱን ልወቅ፣ አባዬ። እውነቱን ሳላውቅ እንዴት ልተወው?»

ሳምንቱ ሳያልቅ ከእነምንተስኖት በጎች አንዷ ወለደች። ማርያማዊት ለመመዝገብ ሄደች፤ ለመመዝገብ ብቻ እንዳልሄደች ሁሉም ያውቃል። ምንተስኖት ጋጣው ውስጥ ግልገሏን በገለባ ሲያደራርቅ አገኘችው።

«ጠየቅኻቸው?»

«ጠየቅኋቸው።» ቀና አላለም። «እውነት ነው አሉኝ። አያቴ ሊሞቱ ሲሉ ነግረዋቸዋል። ደም የለንም፣ ማርያማዊት፤ እኔና አንቺ ምንም አይደለንም።»

ልቧ ዘለለ። «እና ምን ቀረን?»

«አንገቴን ቢቆርጡት ሰው ፊት አልናገርም አሉ።»

«እንግዲያው አንተ ተናገራ!»

«በአባቴ ላይ ተነሥቼ ልመስክር? ነገ በየት ያልፋሉ? በየድግሱ 'የጡት ልጅ' እየተባሉ ይኑሩ?»

«እኔስ በየት ልለፍ?» አለች ማርያማዊት። እንባዋ መጣ፤ ተናደደችበት። «አልፈልግሽም በለኝና ልረፍ!»

ምንተስኖት ከመሬት ተነሥቶ ሊይዛት እጁን ቢዘረጋ እሷ ከበሩ አልፋለች። ግልገሏን ሳትመዘግባት ሄደች፤ በሥራዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

እሑድ ደረሰ። ሰዎቹ እንደ ባለፈው ተሰበሰቡ። አቶ ተክለጻድቅም መጡ፤ አለመምጣት ማመን ይመስልባቸዋል ብለው መሆን አለበት። ማርያማዊት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማለች። መምሬ መርስዔ ኃዘን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ አቶ ተክለጻድቅ...» ሲሉ ምንተስኖት ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አባቴን አትጠይቁብኝ። ቆጠራው እንዳለ ይጽና። እኔ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ።» ወደ አቶ ዳኜ ዞረ። «ልጅቷ ምንም ጥፋት የላትም። እኔ ነኝ የምተዋት።»

ማርያማዊት መጋረጃውን ጨበጠችው። አለቀ። ጠላችውም፣ ወደደችውም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለይ አላት።

አቶ ተክለጻድቅ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ቁጭ በል» አሉት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይኼ ልጅ እውነቱን ያውቃል። ከኔው አፍ ሰምቶታል። ተነሥቶ ቢናገር ሁላችሁም ታምኑት ነበር፣ ሚስቱንም ይዞ ይሄድ ነበር። የሚወዳትን ልጅ ለኔ ስም ብሎ ሲጥል ቁጭ ብዬ ላየው ነው? እኔስ ምን ዓይነት አባት ነኝ?» ጋቢያቸው ከትከሻቸው ቢንሸራተት አልመለሱትም። «ቅድመ አያቴ የጡት ልጅ ነው። አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። የፊታውራሪ ደም የለብኝም። ለሁሉም ንገሩት፤ ገበያም አውጡት!»

እመት ወለተ ኢየሱስ አማተቡ።

«የጡት ልጅነት የፍቅር ነው፣ የደም አይደለም» አሉ መምሬ መርስዔ ኃዘን። «ቆጠራው ፈርሷል። ልጆቹ ይጋቡ።»

አቶ ተክለጻድቅ አልተቀመጡም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የት እንደሚቀመጡ የጠፋባቸው ይመስል ቆመው ቀሩ። አቶ ዳኜ ይኼን አዩ። ተነሥተው ክንዳቸውን ያዙና ከራሳቸው መደብ ላይ፣ ከመምሬ ጎን አስቀመጧቸው።

«እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ ወለሉን እያዩ። «ቀን ቁረጡ እንጂ።»

ሙሽሪት ሳትጠራ ከጓዳ አትወጣም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ማርያማዊት ግን መጋረጃውን ገለጠችና ወጣች። እናቷ ከኋላ «ኧረ ተመለሽ፣ ጉድ አረግሽን!» እያሉ በሹክሹክታ ቢቆጧት አልሰማችም። ምንተስኖትንም አላየችውም። አልፋው ሄዳ አቶ ተክለጻድቅ እግር ሥር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች።

ሽማግሌው እጃቸውን ራሷ ላይ አደረጉ።

«ተነሽ፣ ልጄ» አሏት። «እንግዲህ ዘሬ ከናንተ ነው የሚጀምረው።»

ማርያማዊት አልተነሣችም። ጉልበታቸው ላይ እንደተደፋች፣ ሁሉም እየሰማት አለቀሰች።