ዶርካስ የዘለለችው ማስታወቂያ

ዶርካስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በአሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚባል ግዛት፣ አባቷ በገዛ እጁ የሠራው ባለ አንድ ክፍል የሳንቃ ቤት ነው። ጊዜው ባርነት ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ፤ ከዚያ በፊት በዚያ አገር ጥቁር ልጅ ፊደል ስትቆጥር ከተገኘች ትገረፍ ነበር። አሁን ግን ዶርካስ በጠራራ ፀሐይ መጽሐፏን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እንደሷ አጥርቶ የሚያነብ በመንደሩ አልነበረም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች።

በቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ልማድ ነበር። በባርነት ዘመን ጌቶች እናትን ለአንዱ፣ ልጅን ለሌላው ይሸጡ ስለነበር፣ ነጻ የወጣው ሁሉ የጠፋበትን ዘመድ በጋዜጣ ያፈላልጋል። እሁድ እሁድ ከስብከቱ በኋላ እነዚያ የአፋልጉኝ ማስታወቂያዎች ይነበባሉ። ሲነበቡ ሽማግሌውም ሕፃኑም ብድግ ይላል፤ የመጨረሻው ስም እስኪጠራ ማንም አይቀመጥም። ዝንብ ስትበር ይሰማል። ሰውነትን ውርር የሚያደርግ ነገር ነበር፤ ያን ያህል ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ አንድ ስም ብቻ ሲጠብቅ!

አንባቢዋ ዶርካስ ነበረች። ታዲያ አንድ እሁድ ከሰሜን የመጡ መምህርት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዶርካስ ስምንቱን ማስታወቂያ እንደ ውሃ አንቆረቆረችው። ዘጠነኛው ግን ረጅም ነው፤ ቀለሙ ፈዟል፤ ሰምታው የማታውቀው የሩቅ ከተማ ስምም አለበት። ባለፈው እሁድ አንድ ቃል ቢያደናቅፋት፣ ኬቶ የሚባል ልጅ ሳምንቱን ሙሉ «እመት ሊቅ፣ ምላስሽ ዳነልሽ ወይ?» እያለ ሲያበሽቃት ከርሟል። አሁን ደግሞ በእንግዳ ፊት? ጋዜጣውን አጠፈችና «አበቃ» አለች። ሕዝቡም ተንፍሶ ተቀመጠ።

አትፍረዱባት እስቲ። እኔም ብሆን ይከብደኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ለምሳ ተሰበሰበ። የተጠበሰ ዓሣ አለ፣ በኮክ የተጋገረ ኬክ አለ። አክስት ቪኒ የሚባሉት አሮጊት ለዶርካስ ትልቁን ቁራጭ አቀረቡላት። «ብዪ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ሌቲዬን በስድስት ዓመቷ ከሸጡብኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላ። አበቃ እስክትዪ ድረስ ልቤ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዛሬም አልተጠራሁም፤ ለሚመጣው እሁድ ደግሞ እግዜር ያውቃል።»

ዶርካስ ኬኩን መልሳ አስቀመጠች። ጋዜጣው ከሰዓት በኋላ ወንዝ ማዶ ላለው ቤተ ክርስቲያን ይላካል፤ ከሄደም አይመለስም። ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሮጣ ገባችና ጋዜጣውን አነሣችው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበች። ስታበቃ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ገጹ ተጣብቆብኝ ነው ብልስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ማን ያውቃል? ግን ደግሞ ያ የቆመ ሕዝብ ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ተነሥታ ወደ ሰባኪያቸው ወደ መጋቢ ሬንፍሮ ሄደችና እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም አልተቆጧትም፤ ደወሉን ራሷ እንድትደውል ብቻ አዘዟት።

ደወሉ ሲሰማ ሰው ሁሉ ሳህኑን እንደያዘ ብድግ አለ።

«አንድ ማስታወቂያ ዘልያለሁ» አለች ዶርካስ። «አይቼዋለሁ። እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ነው አበቃ ያልኳችሁ።»

ከዚያ አነበበች። ማስታወቂያው የተላከባት የሩቋ ከተማ ስም ሦስት ጊዜ አደናቀፋት፤ ኬቶ እንኳ አልሳቀም። «እናቴን አፋልጉኝ። ስሟ ቪኒ ነው። በሃርሎ እርሻ ልብስ አጣቢ ነበረች። እኔ ሌቲ ነኝ፤ በስድስት ዓመቴ ነው የሸጡኝ። በሕይወት ካለች ንገሩልኝ።»

አክስት ቪኒ አልጮኹም። «ድገሚልኝ» አሉ ቀስ ብለው። ደገመችላቸው። እንደገና «ድገሚልኝ» አሉ። አምስት ጊዜ ተነበበ። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ አንድም ሰው አልተቀመጠም፤ ትናንት እንደ ከብት ሲሸጥ የነበረ ሕዝብ ለአንዲት እናት ስም በጸጥታ ቆመ። ልጆች፣ ንጉሥ ቢያልፍ እንኳ እንዲያ አይቆሙለትም።

ዶርካስ እንባዋን መግታት አቃታት። «አክስቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ» አሉ አክስት ቪኒ፣ አቅፈው እየሳሟት። «ያንቺን አንድ ሰዓት አልይዝብሽም። ይልቅ ወረቀትና ቀለም አምጪና ጻፊልኝ።»

ዶርካስ ተንበርክካ ብዕሯን ያዘች። አክስት ቪኒ ብዙ አሰቡ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ቃል ሁሉ ጠፋባቸው። በመጨረሻ ያስጻፉት ይህን ብቻ ነው፦

«ሌቲዬ፣ አለሁ።»

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር የሰጣችሁ ችሎታ ሌላው ሰው የሚጠብቀው አደራ ነውና፣ እፍረትን ፈርታችሁ አትደብቁት።