የሌለኝ አራተኛ ስክሪን

ማመን የፈለገ ይመን። ለማሳመን ጊዜ የለኝም፤ ወረፋ ላይ ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፈው።

ግን ሆኗል። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እቤቴ ውስጥ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች።

ሥራዬ የሰው ሰርግና የሰው ምርቃት ኤዲት ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጨፍር አያለሁ። ከዚያ ብቻዬን እበላለሁ።

ሦስት ስክሪን አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልክ ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ሁለት ነው። አንዱ አዲስ፣ የእኔ። ሌላው አሮጌ፣ የወንድሜ።

ወንድሜ ሞቷል።

ክፍሉ ከግድግዳው ወዲያ ነበር። አሁን ባዶ ነው፤ አልጋ እንኳ የለበትም። ሚስቱ እናቷ ጋ ገባች። ካርዱን ከሱ ኮምፒውተር ነቅዬ የኔ ላይ ሰካሁት። ምን ላድርገው? ዕቃ ነው።

የዚያን ቀን የያዝኩት ሥራ ግን የሰው አልነበረም። ወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚስቅባት አጭር ቪዲዮ አለች። ሌላ ቅጂ የላትም። ልጁ የተወለደችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ አባቷ ሲስቅ አይታ አታውቅም። ከኬጂ ስትወጣ እናቷ ልታመጣት ነው። «አባዬን ላየው ነው» እያለች እንቅልፍ ነስታቸዋለች አሉ።

አንድ ልማድ አለኝ። ለጊዜው የማልፈልገውን በማውስ ይዤ ወደ ቀኝ እወረውረዋለሁ። ሦስተኛው ስክሪን ላይ ሄዶ ይቀመጣል።

የቪዲዮ ማጫወቻውን ወረወርኩት።

ሦስተኛውን ስክሪን አልፎ ሄደ።

ጠፋ...

ወዲያው የወንድሜ ሳቅ ተሰማኝ። ከስፒከሬ አይደለም።

ከግድግዳው ወዲያ ነው።

ሽቦ ጋ ደወልኩ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ የወንድሜ ጓደኛ። ከቅጥነቱ የተነሳ ነው ሽቦ የምንለው።

«ሴቲንግ ግቢ» አለኝ። «ስንት ስክሪን ይላል?»

«አራት።»

«አራት! እኔ በአንድ፣ እሱም በተሰነጠቀ፣ እንጀራዬን እበላለሁ። ሀብት ሲገባ ለወዳጅ አይነገርም እንዴ?»

«ቀልድህን ተው። ያለኝ ሦስት ነው።»

«እንግዲያው አሮጌው ካርድ ነው። የተንጠለጠለ ገመድ ይኖርበታል፤ እሱን ስክሪን ነው ብሎታል። ድምፁም ከምስሉ ጋር ወደዚያ ይሄዳል።»

ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። አሮጌው ካርድ ላይ ምንም አልተሰካም። አቧራ ብቻ።

«ገመድ የለውም...»

«ምን ያንሾካሽክሻል?»

«ዝም በል። ስማ...»

ስልኩን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት።

ሽቦም ሳቁን ሰማ። ቀልድ የለ፣ ምን የለ።

«አጥፊው» አለ ቀስ ብሎ። «አራተኛውን አጥፊው። ማጫወቻው ራሱ ወዳንቺ ይመለሳል።»

«እሱ ነው፣ አይደል?»

«አጥፊው አልኩሽ!»

ዘጋው።

ማውሱን ስክሪኑ ግርጌ ያለው ምልክት ላይ አደረግኩት። የማጫወቻው ትንሽዬ ምስል ብቅ አለች።

ቪዲዮዋ እስካሁን ማለቅ ነበረባት። አላለቀችም።

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ነው። አፉ ተዘግቷል። ሳቁ ግን ይሰማል።

ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል... በሕይወቱ ፀጉር አሳድጎ አያውቅም።

ከኋላው ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነው። ክፍሉን ለማከራየት ብዬ ባለፈው ወር እኔው የቀባሁት አረንጓዴ።

ጭንቅላቱን አዘንብሎ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፏል። የሚያዳምጠው እኔን ነው።

መፍራት ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ሌላ ነው።

ለካ እሱም ብቻውን ነው።

እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። ልተወው? እዚያው ይቀመጥ? ግን ልጅቷስ... ቪዲዮዋን ካልመለስኩ ምን ላሳያት ነው?

አጠፋሁት።

ማጫወቻው ዘሎ መሀል ስክሪን ላይ ተመለሰ። ቪዲዮዋ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ወንበሩ አለ።

እሱ የለም።

ዘግቼ ከፈትኩ። ደግሜ ከፈትኩ። ባዶ ወንበር።

ሳቁ ከግድግዳው ወዲያ ቀጥሏል።

የኮምፒውተሩንም የስክሪኖቹንም ገመድ ከሶኬት መነጨቅኩ። ሦስቱም ጨለሙ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

በክፍሉ በር ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይፈስሳል።

ከብርሃኑ ውስጥ አንዲት ነጭ ቀስት ወጣች። ማውስ ስናንቀሳቅስ የምትሄደዋ ቀስት። ወለሉ ላይ እየተንሸራተተች መጣች... እግሬ አጠገብ ደረሰች... አልፋኝ ሄደች።

እኔን አልፈለገችም።

የውጭው በር ተንኳኳ። ዝቅ ብሎ፣ የልጅ እጅ የሚደርስበት ላይ።

«አክስቴ፣ ክፈቺ! መጣን!»

«አትግቢ» ልል አፌን ከፈትኩ።

ቀስቷ በሩ ግርጌ ደርሳ ቆመች። ከበሩ ሥር የትንንሽ ጫማዎች ጥላ ይታያል።

ከዚያ... ስክሪን ላይ አንድ ነገር ልንነካ ስንል እንደምትለወጠው...

ቀስቷ እጅ ሆነች።