የሰላሕ ቋጠሮ

ሬሳው ከጽድ አምባ ገደል ሥር፣ ገና ካልቀለጠ የበረዶ ክምር አጠገብ በጎኑ ተጋድሟል። በጥር! ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ አርፍዶ ቀትር ላይ ያን ሁሉ በረዶ ያወርዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? የዋግ ደጋ ግን እንዲህ ነው፤ ጠባዩን ለማንም አያስለምድም።

ኢንስፔክተር ውዴ በማግስቱ ጠዋት ከሰቆጣ በመኪና፣ ከዚያም በእግር ተጉዛ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የዋግ ዝቋላ ልጅ ናት፤ ቆላ ያደገች። ተራራ አትወድም፤ ለመዝናናት ብለው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ጨርሶ አይገቧትም።

«ሌላው ከገደል ጠብቀኝ ብሎ ይጸልያል፣ እነዚህ ስንቅ ቋጥረው ይመጣሉ» አለች ጎንበስ እያለች።

«የኔሰው ይባላል፤ ሰቆጣ መምህር ነው» አላት ሬሳውን ሲጠብቅ ያደረው ኮንስታብል ገብረ አምላክ። «ከሦስት ጓደኞቹ፣ ከሰላሕ፣ ከምንዋጋውና ከእስከዳር ጋር ነው የመጣው። ጠዋት ነጋዴው ሰላሕ በፍየል መንገዱ ዞሮ ወጣና መጫኛውን አናት ላይ ካለው ጽድ ቋጠረ፤ ሌሎቹ መጫኛውን ይዘው ወጡ። ቀትር ላይ ጉምና በረዶ ወረደባቸው። ሦስቱ በየፊናቸው በፍየል መንገዱ ወረድን ይላሉ። ይኼኛው በመጫኛው ሊወርድ ብቻውን ቀረ።»

የቆዳ መጫኛው ከሟቹ ወገብ እንደታሰረ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። አልተበጠሰም፤ በቢላም አልተቆረጠም። ውዴ ከዛፉ ጋር ታስሮ የነበረውን ጫፍ አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። ጥቃቅን ጭረቶች ተራ በተራ ተሰልፈውበታል።

«አይጥ በልቶት ይሆን?» አለ ገብረ አምላክ።

«እንዲህ ሰልፍ የሚያውቅ አይጥ ካገኘህ አምጣልኝ፤ ፖሊስ እናደርገዋለን» አለችና ጫፉን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችው።

ከዚያ የምትጠላውን ነገር አደረገች፤ በፍየል መንገዱ ዞራ አናቱ ላይ ወጣች። ከአፋፉ የቆመውን ጽድ ዞረችው። ግንዱን የሸፈነው ለስላሳ የዛፍ ሽበት መጫኛው ያረፈበት ቦታ ላይ ተጨፍልቋል፤ የተላጠ ቦታ ግን የለም። ቁልቁል አየች። ከገደሉ ወገብ ላይ አንድ ሰው የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጥቷል። እሱን ካየች በኋላ ዛፉን አቅፋ ጥቂት ቆየች።

ሰቆጣ ግን ምርመራ አልጠበቀችም። በባጃጁም በገበያውም ወሬው አንድ ሆነ፤ መጫኛውን የቋጠረው ሰላሕ ነው፣ አናት ላይ ከሟቹ ጋር የተጣላውም ሰላሕ ነው፤ ታዲያ ምን ያመራምራል? ሰላሕም ታሰረ።

እናቱ ወይዘሮ ዓሲያ የፖሊስ ጣቢያው ግንብ ሥር ተቀምጠው ውዴን ጠበቋት። ከሟቹ እናት ከወይዘሮ ጸሐይነሽ ጋር አጥር ለአጥር ናቸው፤ ልጆቻቸው አንድ ደጅ አፈር ፈጭተው ያደጉ።

«ለለቅሶ ሄጄ ከደጅ መለሱኝ» አሉ። «ጸሐይነሽ ‹የገዳዩን እናት አታሳዩኝ› አለች። የኔሰው እኮ በዚህ እጄ አጥቤ ያሳደግሁት ልጅ ነው! ሰላሕ ገድሎ ከሆነ ይታሰር፤ ፍቺልኝ አልልሽም። ካልገደለ ግን ቶሎ በይ ልጄ። ሰልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ከተነሣ፣ እኔ የኔሰውን ሳላለቅስለት ከቀረሁ፣ እኔና ጸሐይነሽ እስክንሞት ዓይን ለዓይን አንተያይም።»

ውዴ ቀኑን ቆጠረች። ሰልስቱ ነገ ነው።

ሰላሕ ገብቶ እቃ ሲያስር የኖረ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«መጫኛው የአባቴ ነው፤ ማር ሲያስጭንበት የኖረ። አርጥቤ ነው የቋጠርኩት። ሲደርቅ ይነክሳል፤ እኔ ራሴ በጣቴ ልፈታው አልችልም።»

«ታዲያ በምን ትፈታዋለህ?»

«በወስፌ። ወስፌው ሱቅ ነው የቀረው። መጫኛውን በማግስቱ መጥቼ ልወስደው ነበር ያሰብኩት።»

«ከየኔሰው ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ደመናው ሲመጣ እንውረድ አልኩ፤ ‹ፈሪ› ብሎ ሳቀብኝ። ተናድጄ ብቻዬን ወረድኩ። ጉሙ ወደቀና መንገድ ሳትኩ። ተራራው ሥር ያለው ዋሻ ስደርስ ምንዋጋው ቀድሞኝ ነበር።»

«ከኋላህ የተነሣው ሰው ቀደመህ?»

«እኔም ብሆን ይህን ወሬ አላምንም ነበር» አለና እንባው መጣ። «ወንድሜኮ ነው! የመጨረሻ ቃላችን ስድብ ሆኖ ቀረ።»

ምንዋጋው ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የሚወድ መምህር ነው።

«ከየኔሰው ጋር ለርዕሰ መምህርነት ተወዳድራችሁ አሸንፎሃል አሉ» አለችው ውዴ ገና ሳይቀመጥ።

«አሸነፈኝ። ለዚህ ሰው ከተገደለማ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን ይተርፋል?» አለ። «እኔ ያን ቀን ራስ ምታት ሊፈነክተኝ ነበር። እስከዳር ክኒን ሰጠችኝና ወረድኩ። ነርስ አይደለች? የመድኃኒት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አታወርድም፤ ማንንም አታስነካም።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። አንደኛው ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት የተነሡት ነው፤ አራቱም ይስቃሉ፣ የእስከዳር ነጠላ ባለ ቀይ ጥለቱ ከወገቧ በታች ይወርዳል። ሁለተኛው ከዋሻው አፍ ነው፤ ሰላሕ እጁን እፍ ይላል፣ በረዶው መሬቱን አልብሶታል፣ ከጉሙ ውስጥ እስከዳር እየመጣች ነው፣ ቀዩ ጥለት አንገቷ ሥር፣ ነጠላዋ በብብቷ አልፎ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ይህን ስታነሣ ስለ የኔሰው ምን ታውቁ ነበር?»

«ምንም! ዘገየ ብለን እንቀልድበት ነበር። ሬሳውን ያየነው ጉሙ ሲገለጥ፣ ብዙ ቆይቶ ነው።»

ውዴ ሁለቱን ፎቶዎች እያቀያየረች ብዙ አየቻቸው። ምንዋጋው ፎቶ ማንሣቱን ያደነቀችለት መስሎት ደስ አለው።

እስከዳር ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነው።

«ከምንዋጋው ቀጥዬ ወረድኩ። የኔሰው በመጫኛው እወርዳለሁ አለ፤ ትቼው ሄድኩ።»

«ሲወርድ አላየሽውም?»

«አላየሁትም።»

«የመድኃኒት ቦርሳሽን ሌላ ሰው ይዞት ነበር?»

«ማንም። ከትከሻዬ አላወረድኩትም።»

«አንቺና የኔሰው ምንና ምን ነበራችሁ?»

እስከዳር የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ጓደኛሞች» አለች።

«ቦርሳው እኛ ጋ ይቆይ። ደንብ ነው።»

በሰልስቱ ማለዳ ውዴ ሦስቱን ጓደኛሞች ይዛ ወደ ጽድ አምባ ተመለሰች። ገብረ አምላክ መጫኛውንና ቦርሳውን ተሸክሟል። ዋሻው ሲደርሱ ጉሙ ከታች መውጣት ጀምሯል፤ ነፋሱ ሰውን አላስቆም ይላል። ሰላሕ ገደሉን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ቶሎ ልጨርስ» አለች ውዴ። «ይህ ሰማይ አያምነኝም፣ እኔም አላምነውም። ሰው ሁሉ ቋጠሮው ተንሸራተተ ይላል። ቋጠሮ የሰው ክብደት ይዞ ከዛፍ ላይ ከተንሸራተተ ግን የጽዱን ሽበት ልጦት ነው የሚሄደው። ሽበቱ አልተላጠም። ስለዚህ ቋጠሮው በእጅ ተፈትቷል።»

«ያ የኛ ቋጠሮ?» አለ ሰላሕ ሳያስበው። «ሰው ተንጠልጥሎበት? አይሆንም!»

«አይሆንም። ገደሉ ወገብ ላይ ግን ማረፊያ ድንጋይ አለ። በረዶው ሲበረታ የኔሰው እዚያ ቆሞ ጠበቀ፤ መጫኛው ላላ። ቋጠሮው የተፈታው ያኔ ነው። የኔሰው ሳያውቅ እንደገና ሲንጠለጠልበት መጫኛው አብሮት ወረደ።»

ምንዋጋው አፉን ያዘ።

«የተነከሰ ቆዳ በጣት አይፈታም፤ ሰላሕ ወስፌውን ሱቅ ትቷል። ይህን ጫፍ እዩት።» ውዴ ቦርሳውን ከፍታ ጥርስ ያለው የብረት መቆንጠጫ አወጣችና ጭረቶቹ ላይ አስቀመጠችው። ጥርስና ጭረት አንድ ለአንድ ገጠሙ። «ቦርሳውን ካንቺ በቀር ማንም አልያዘውም ብለሽኛል፣ እስከዳር።»

«ለስንት ነገር እጠቀምበታለሁ!» አለች እስከዳር። «መጫኛውን ጠዋት ነክቼው ይሆናል።»

«ጠዋት ምን ሊፈታ? ይሁን፤ ጭረቱን ተይው። ምንዋጋው፣ ሁለተኛውን ፎቶ አውጣ። ነጠላዋን እዩ።»

ነፋሱ ሲያፏጭ ሦስቱ ስልኩ ላይ አጎነበሱ። መጀመሪያ የገባው ሰላሕ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለና እስከዳርን አያት።

«አዘቅዝቃለች» አለ።

«ጥለቱን ወደ ላይ፣ ለሬሳ እንደሚለበሰው» አለች ውዴ። «እናንተ ዘገየ ብላችሁ ስትቀልዱበት እሷ ለቅሶ ላይ ነበረች። ከእናንተ መሀል መሞቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

«ንፋሱ ነው የገለበጠው!»

«ንፋስ ነጠላ ይገለብጣል፤ በብብት አሳልፎ አያስርም። እጅሽ ነው ያሰረው የኔ ልጅ። አፍሽ ሊዋሽ ሲዘጋጅ እጅሽ አለቀሰለት።»

እስከዳር ዋሻው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። ኋላ የተናገረችው ለማንም አይመስልም ነበር።

«የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ከአባቴ ደጅ የመለስኩት ለእሱ ብዬ ነው። ያን ቀን እናንተ ስትወርዱ ‹እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ› አለኝ። ልቤ ዘለለ። ለእኔ መስሎኝ! ለካ ወልድያ ላለች ልጅ ነው። ከዚያ የነጠላዬን ጥለት ያዝ አደረገ፤ እሱ ራሱ የገዛልኝን ነጠላ። ‹ሸማኔውን ታውቂው የለ? ለእሷም እንዲህ ያለ አሠሪልኝ› አለኝ።»

ምንዋጋው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ወረደ። ከድንጋዩ ላይ ‹በረዶው እስኪያልፍ ልቁም› ብሎ ጮኸ። ስፈታው ተናድጄ ነበር። ሲወድቅ ሰማሁት... ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ነጠላዬን መቼ እንዳዘቀዘቅሁት፣ እመብርሃንን፣ አላውቅም።» ቀና ብላ ሰላሕን አየችው። «ባንተ ሲያላክኩ ዝም አልኩ። እሱን ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ሰላሕ ሊሰድባት አፉን ከፈተ። አልሆነለትም። ሄዶ ከገደሉ ሥር ቆመና ጮክ ብሎ አለቀሰ።

ወደ ሰቆጣ ሲመለሱ በረዶው ቀድሟቸው መንገዱን አልብሶት ነበር። ውዴ ሹፌሩን እየጨቀጨቀች፣ ድንኳኑ ሳይነሣ ደረሰች። መጀመሪያ የገባችው ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዘንድ ነው፤ የነገሯትንና የነገረቻቸውን ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ግንብ ሮጠች።

ወይዘሮ ዓሲያ ልጃቸው እጁ ሳይታሰር ከኋላዋ ሲመጣ ባዩ ጊዜ ደረታቸውን ያዙ።

«ማን ሆኖ ተገኘ?» አሉ።

«እስከዳር ናት፣ እማ» አለ ሰላሕ።

«ያቺ ልጅ?» አሉና ደስታቸው ፊታቸው ላይ ቀዘቀዘ። «እሷም እናት አላት እኮ።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አዘቀዘቁ፣ በብብታቸው አሳልፈው አሰሩና ከልጃቸው ጋር ወደ ለቅሶው ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ዓሲያዬ፣ ምነው ዘገየሽብኝ?» አሉ።

ወይዘሮ ዓሲያም አጠገባቸው ተቀምጠው የኔሰውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት።