አራተኛው ጎሚኒ

ጎሚኒው ቀጭ ሲል በጣቷ ተሰማት። ሶሎንጎ ኢንጀክተሩን ከቀዳዳው መልሳ መዘዘችና ወደ መብራቱ አስጠጋችው። አናቱ ላይ ያጠለቀችው፣ ከአተር የማይበልጠው ጥቁር የጎማ ቀለበት፣ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያህል ነው፤ ግን ስንጥቅ ስንጥቅ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ? ገባልሽ?» አለ አባቷ ጋንሱክ፣ ከመኪናው ማዶ ጎንበስ እንዳለ።

«እየገባ ነው፣ አባዬ።»

ጋራዥ ያደረጉት አሮጌ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው። ቤንዚን ስላለ ምድጃ አልተለኮሰም፤ የኡላንባታር ብርድ ደግሞ ማንንም አይምርም፣ አጥንት ድረስ ይገባል። መኪናዋ ከወር ወዲህ ቆማ እንኳ እንደ ወባ በሽተኛ ስትንቀጠቀጥ ነበርና፣ ጋንሱክ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱን ኢንጀክተሮች እቤቱ ሊያጥብ ወሰነ። አጥባለሁ ብላ የለመነችው ግን ሶሎንጎ ናት። ሁለት ሽቦ ከባትሪ ታገናኛለች፣ ኢንጀክተሩ ጠቅ ይላል፣ በሐኪም መርፌ የማጠቢያውን ፈሳሽ ትገፋለች። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ጠብታ ነበር፤ እየቆየ እንደ ጉም የጠራ ሆነ። አራቱንም እንዲህ አጠበች። በአሥራ አራት ዓመቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ጎረቤታቸው ኡልዚ በበሩ ብቅ ብሎ ነበር። «ጋንሱክ፣ ነገ የበዓል ዋዜማ ነው። ልጅቷ ሥጋ በሊጥ እየጠቀለለች ቡዝ መሥራት ሲገባት ቤንዚን ታስነካታለህ?»

«የሷ እጅ ካንተ ይሻላል» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «አንተ የጠገንከው መኪና እስካሁን በገመድ ነው የሚጎተተው።»

ኡልዚ እየሳቀ ሄደ። ያ ንግግር ነው አሁን የከበዳት። እንዴት ብላ አበላሸሁት ትበል?

ጥፋቱም የሷው ነው። አባቷ «ዘይት ቀባ አድርገሽ ነው የምትከቺው» ብሏት ነበር። ዘይቱ እሱ እግር ሥር ነው። እሷ ደግሞ በየደቂቃው አባዬ፣ አባዬ ማለት አልፈለገችም፤ የበሩን ማጠፊያ ለማለስለስ ከተቀመጠው የበግ ላት በጣቷ ዛቅ አድርጋ ቀባችው። በእነሱ ቤት ላት የማይገባበት ነገር የለም። ኮርቻ ይቀባል፣ የተሰነጠቀ ከንፈር ይቀባል፣ የሕፃን ደረት ይታሻል። በዚያ ብርድ ግን ላቱ እንደ ሻማ ደረቀና ጎሚኒውን ያዘው፤ እሷ ስትገፋ የቀዳዳው ጠርዝ ቆረጠው።

የተገዙት አዳዲስ ጎሚኒዎች ልክ አራት ናቸው። የድሮዎቹ ተጠፍጥፈው አልቆላቸዋል። የመለዋወጫ ሱቁ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል፤ ከተዘጋ የሚከፈተው የነጩ ወር፣ የአዲስ ዓመቱ በዓል ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቃል ብትናገር አባቷ ሮጦ ይደርስ ነበር። እሷ ግን «ስንጥቋ እኮ ትንሽ ናት» አለች በልቧ። ስንጥቁን ወደ ታች አዞረችና ገፋችው።

«ገባ» አለች።

ሞተሩ ሲነሳ መንቀጥቀጡ የለም። ጋንሱክ በባትሪ መብራት አራቱንም ዞሮ አየ፤ ደረቅ ናቸው። ኡልዚን በአጥሩ ላይ ጠራው። «ና ስማ፣ የልጄ ሥራ ነው» አለ። ሶሎንጎ እጇን በጨርቅ ትጠርግ ነበር፤ እጇ ከጸዳ በኋላም መጥረጉን አላቆመችም።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ደረሰ። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቀው ገጠር ውስጥ አያቷ ይጠብቃሉ። ባለፈው ዓመት መኪናዋ እምቢ ብላ እነሶሎንጎ ቀርተዋል። ሽማግሌው ገበታውን ዘርግተው፣ ማንንም ሳያስነኩ፣ እስኪጨልም ደጅ ደጁን ሲያዩ ነበር አሉ። ዘንድሮ ደግሞ ታመዋል። የሚመጣውን ዓመት ማን አየው።

እናቷ ናርማንዳክ የሐር ልብሷን ለብሳ ከመኪናዋ ኋላ ወተት ረጨች። ወተት ከተረጨ በኋላ የወጣ ሰው አይመለስም፣ በመንገዱም ላይ ክፉ አያወራም። ሶሎንጎ የአንድ ዓመት ወንድሟን ቢልጉንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከአባቷ ኋላ ተቀመጠች። መኪናዋ ከግቢው ወጣች።

ሽታው የመጣው ትልቁ መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው።

«ቤንዚን ይሸታል» አለች ሶሎንጎ።

«የትናንቱ ነው፤ ልብሳችንም ሸቷል» አለ አባቷ።

«ዛሬ እኮ በረታ።»

«አንቺ ልጅ፣ መንገድ ላይ አታሟርቺብን» አለች እናቷ።

ሶሎንጎ የትናንቱ ይሆናል ብላ ተመኘች፤ ልመናም ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው ዋዜማውን ማበላሸት ቀላል ነው እንዴ? አባቷ ስለ ቡዙ ብዛት ያወራል፣ እናቷ ስጦታውን ትቆጥራለች፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ማሞቂያው አየር በነፈሰ ቁጥር ግን ሽታው ይከብዳል። ላቱ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ጎሚኒው ተኮማትሯል፤ የሚንጠባጠበው ከጋለ ብረት አጠገብ ነው። እያንዳንዷን ነገር ታውቃለች። ሌላ ማንም አያውቅም። ቢልጉን ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ፊቱን ደረቷ ውስጥ ቀበረ።

«አባዬ፣ አቁም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሞተሩን አጥፋው። አሁኑኑ።»

«ሶሎንጎ፣ ምን አልኩሽ» ስትል እናቷ፣ ጋንሱክ በመስታወቱ የልጅቱን ፊት አየ። ምንም ሳይጠይቅ ወደ ዳር ወጣና ቁልፉን አዞረ።

ኮፈኑ ሲከፈት ሽታው ፊታቸውን መታው። አራተኛው ኢንጀክተር ሥሩ ድረስ ረጥቧል። ቤንዚኑ ከብረቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወደ ጋለው የጭስ ቧንቧ ሊወርድ ሦስት ጣት ያህል ቀርቶታል።

«ልጁን ይዘሽ ራቂ» አለ ጋንሱክ ለሚስቱ፣ ቀስ ብሎ። ናርማንዳክ ቢልጉንን አቅፋ ሜዳው ላይ ሄደች። ወተቱንም መንገዱንም ያነሳ ሰው አልነበረም።

ጋንሱክ ኢንጀክተሩን ነቅሎ ጎሚኒውን በጥፍሩ አወጣው። «ያ ሌባ» አለ። «የበሰበሰ ጎሚኒ ሸጠልኝ። በዓሉ ይለፍ እንጂ ሱቁ በር ላይ ሰው ሰብስቤ አዋርደዋለሁ። ልጆቼን ሊያቃጥልብኝ።»

ሶሎንጎ መሬት መሬት አየች። ሻጩን አይታው እንኳ አታውቅም። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የሷ እጅም በኡልዚ ፊት እንደተመሰገነ ይቀራል። አንድ መኪና ጥሩምባ እየነፋ አለፋቸው። ዋዜማው ላይ ሊደርስ የሚጣደፍ ቤተሰብ ነው።

«እሱ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ስከተው ተቆረጠ። ላት ቀብቼው ነበር። ስንጥቁን አይቼዋለሁ፤ ወደ ታች አዙሬ ከተትኩት።»

ጋንሱክ ጎሚኒውን አየ፣ እሷን አየ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ትናንት ሱቁ ክፍት ነበር» አለ በመጨረሻ። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ የአባቱን ቁጥር ፈለገ፤ አገኘውም፤ ግን መደወል አቃተው። አውራ ጣቱ የስልኩ መስታወት ላይ እንዳለ ቆመ።

ሶሎንጎ ጓንቷን አወለቀችና እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ፣ አባዬ። እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

ሰጣት። ሦስት ጊዜ ጠራ። አያቷ እየሳሉ አነሱት፤ ከኋላቸው ሳህን ሲደረደር ይሰማል። «ደረሳችሁ እንዴ?» አሉ።

«አያቴ፣ ሶሎንጎ ነኝ» አለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማታል፤ ድምፅዋን ግን ያዘችው። «ዛሬ አንደርስም። በኔ ምክንያት ነው። ቁጭ ይበሉ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»