ያልተበላችው ጉርሻ

በባቱ ከተማ፣ ከሐይቁ አጠገብ፣ ሐመልማል የምትባል ልጅ ነበረች።

አባቷ የትልቅ መኪና ሹፌር ነው። ሩቅ አገር ጭነት ስለሚያደርስ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጅ ላይ የመኪና ክላክስ ተሰማ። «ጲጵ! ጲጵ!»

ሐመልማል እየሮጠች ወጣች። አባዬ ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ ጉንጮቿን ሳማት።

አባዬ ምሳ በልቶ ወዲያው መንገድ መሄድ ነበረበት። ምሳውን ግን ራሱ ሊሠራ ነው፤ ሐመልማል የምትወደውን የዓሣ ጥብስ።

ለእሷም አንድ ፌስታል ይዞላት መጥቷል። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ብርቱካንም አለበት።

እማዬ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከምሳ በኋላ እንደምትሰጣት ነገረቻት፤ ሐመልማልም እሺ አለች።

ወጥ ቤት ውስጥ ዓሣው ዘይት ነካ። «ቸስስስ!»

ሐመልማል ፌስታሉን አየችው። «አንዲት ብቻ» አለች በሹክሹክታ።

ብስኩት በላች። «ቀርጨም! ቀርጨም!»

ዓሣው ገና አልደረሰም። «ቸስስስ!»

«አንዲት ብቻ» አለችና ከረሜላ አፏ ውስጥ ከተተች። «ምጥጥ! ምጥጥ!»

ደግሞ «አንዲት ብቻ» አለች። ደግሞ «አንዲት ብቻ»።

እጇን ፌስታሉ ውስጥ ስትከት «ኮሽ! ኮሽ!» አለ። ብስኩቱ አልቆ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል።

ምሳ ቀረበ። ዓሣው ቡናማ ሆኖ ሽታው ያውዳል፣ ያምራል።

አባዬ እሾሁን ቀስ ብሎ ለቀመ። ዓሣውን በእንጀራ ጠቀለለና «እንኪ የኔ ልጅ፣ አፍሽን ክፈቺ» አላት።

ሐመልማል አፏን ከፈተች። ግን ሆዷ ጥብቅ ብሏል፤ ጣፋጩ የምግብ ፍላጎቷን ዘግቶባታል።

«አልችልም፣ አባዬ» አለች።

አባዬ ጉርሻዋን ይዞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ትሪው ላይ መለሳት።

እማዬ ባዶውን የብስኩት ወረቀት አየች። አባዬም አየ። ማንም አልተቆጣም።

አባዬ መኪናው ላይ ወጣ። «ጲጵ! ጲጵ!» እያለ ርቆ ሄደ።

ሐመልማል እጇን አውለበለበች። ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ሆዷ «ጉርር! ጉርር!» አለ። ብስኩቱና ከረሜላው ሆዷ ውስጥ አልቆዩም።

እማዬ ዓሣውን ማሞቅ ጀመረች። እስኪሞቅ ድረስ ብርቱካን ልጣ ትንሽ ሰጠቻት።

ብርቱካኑ ጣፋጭ ነው፤ ሆዷን ግን አልዘጋውም። ዓሣው ሲቀርብ ሐመልማል በደንብ በላች።

ይጣፍጥ ነበር። የሚያጎርሳት አባዬ ግን የለም።

እንባዋ ዱብ አለ። «እማዬ፣ የአባዬን ጉርሻ ሳልበላለት ሄደ» አለች።

እማዬ አቀፈቻት። ከዚያ ወደ አባዬ ደወለች።

አባዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ተቀምጦ ነበር። ሐመልማል በትንሽ ድምፅ «አባዬ፣ ይቅርታ» አለችው።

አባዬም «እኔም ተሳስቻለሁ፣ የኔ ሆድ። ያን ሁሉ ብስኩትና ከረሜላ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አላት።

ቀጥሎ ሲመጣ ዓሣውን አብረው እንደሚጠብሱ ነገራት። ሐመልማልም ምሳ እስኪደርስ ጣፋጭ ሳትበላ እንደምትጠብቀው ነገረችው።

«አሁን ብቻህን ነህ የምትበላው?» ብላ ጠየቀችው።

«አዎ። ብቻዬን ነኝ» አላት።

ሐመልማል ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። አባዬ እራቱን በልቶ እስኪጨርስ አልዘጋችውም።

ከዚያ እማዬ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። ሐመልማልም የእማዬን እጅ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት።